እትዬ ሰዓደት የፈቀዱት መንገድ

መርካቶ ውስጥ ለሴት ልጅ ጠባቂ አይጠፋም። የማሂራ ጠባቂ ግን የጠባቂዎች ሁሉ አለቃ ነበሩ፤ የአባቷ ታላቅ እህት፣ እትዬ ሰዓደት። ጭድ ተራ ባለው የቤተሰቡ የሰሌንና የቅርጫት ሱቅ አንድ ወጣት ዋጋ ጠይቆ ትንሽ ከቆየ፣ እትዬ ሰዓደት ከጓዳ ብቅ ይሉና «ጨረስክ የኔ ልጅ?» ይሉታል። ልጁ ባይጨርስም ይጨርሳል። «ሴትና ወንድ እሳትና ጭድ ናቸው» እያሉ ጠዋት ማታ ሲደግሙት ሰፈሩ ይስቃል። ማሂራ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታልና መሳቁን ከተወች ቆይታለች።

በዚያ ዓመት አዲስ የተከፈቱት ሆቴሎች የሞምባሳ ሰሌን ካልሆነ አንፈልግም አሉ። የማሂራ አባት ሀጂ ኑሪ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው ሄደው ዕቃውን ከሚሠሩት ሴቶች እጅ እንዲገዙ ወሰኑ።

«እዚያ ይዟችሁ የሚዞር ሰው አለ» አሉ ሀጂ። «ሙስአብ ይባላል። የሀያቱ ልጅ ነው። ሰባተኛ ሰፈር ሳለን ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። እሱን በሕፃንነቱ ይዛ ባሏን ተከትላ ሄደች፤ እዚያው ሞተች፣ አላህ ይዘንላት።»

«የሀያቱ ልጅ!» አሉ እትዬ ሰዓደት። ፊታቸው በራ። የማሂራ እናት ናኢማ ግን ቀና ሳትል ሰሌን መጠቅለሏን ቀጠለች።

ሞምባሳ ሲደርሱ ሙቀቱ ልብሳቸውን ከገላቸው አጣበቀው። አክስቷ ሊቀበላቸው ከመጣ አንድ ረጅም ወጣት አንገት ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ ማሂራ አፍራ ቀድማ ወደ ወጣቱ ፒክአፕ ሄደች፤ በቀኝ በኩል ገብታም በሩን ዘጋች። ቀና ስትል መሪው ፊቷ ተገትሯል።

«ምነው፣ አንቺ ልትነጂልን ነው?» አለ ወጣቱ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

«መሪው እዚህ ምን ይሠራል?»

«እዚህ አገር መሪ በቀኝ ነው። ከፈለግሽ ግን ንጂ፤ እኔ ተሳፋሪ እሆናለሁ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሙስአብም ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ይህንን ማሂራ ያን ዕለት አየችው፣ ከዚያ በኋላም ማየቷን መተው አልቻለችም።

የሚገርመው የመጣው ወዲያው ነው። እትዬ ሰዓደት የኋላውን በር ከፍተው ጋደም አሉና «እኔ ወገቤን ያመኛል፤ አንቺ ከፊት ከሱ ጋር ሁኚ» አሉ። ማሂራ የሰማችውን ማመን አቃታት። መርካቶ ውስጥ ከወንድ ጋር ሊፍት ውስጥ እንኳ አብራ እንዳትገባ የሚከለክሉ ሴትዮ!

መንገዱ ውቅያኖሱን በቀኝ እያደረገ ወደ ሰሜን ይወጣል። የኮኮናት ዛፉ አያልቅም፤ ድንገት ዝናብ ይወርዳል፣ ድንገት ፀሐይ ይወጣና አስፋልቱ ይጨሳል። በየመንደሩ ሲቆሙ ሴቶች ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው የዘንባባ ቅጠል ይጎነጉናሉ። ሙስአብ በስዋሂሊ ይከራከራል፣ ያስቃቸዋል፤ ማሂራ ደግሞ ሰሌኑን ገልብጣ ጠርዙን ትፈትሻለች። ሁለቱ ሲሠሩ የኖሩበት ሥራ ይመስል ነበር።

ኪሊፊ የምትባል ከተማ አጠገብ አንዲት አሮጊት ማሂራን እያየች አንድ ነገር ጠየቀችው። ሙስአብ ጆሮው ቀላ።

«ምን አለችህ?»

«ሰሌኑን በጥላ አድርቁት አለች።»

«ይህን ለማለት እኔን ምን አሳያት?»

ሙስአብ ወደ መኪናው መራት። የኪሊፊ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «ሚስትህ ናት ወይ ነው ያለችኝ» አለ።

«አንተስ ምን አልካት?»

«አሚን በዪ አልኳት።»

ከኋላ እትዬ ሰዓደት ያንኮራፋሉ። ማሂራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ፈገግታዋን ግን መስታወቱ አሳበቀባት። 

ማሊንዲ ሲደርሱ አክስቷ የባሰ አደረጉ። «እኔ እዚህ ልስገድ፤ እናንተ ወርዳችሁ ባሕሩን እዩ። አንተ፣ ልጅቷን ማዕበሉ እንዳይጥላት ተጠንቀቅ» ብለው ሰደዷቸው። በዚህ ጊዜ ማሂራ ጥርጣሬዋን ሁሉ ጣለች። ይህ ሁሉ ታስቦበት ነው አለች በልቧ፤ አባቷና አክስቷ ተማክረዋል፤ ሰሌኑ ሰበብ ነው፤ እኔን ለሙስአብ ሊሰጡኝ ነው። አክስቷን እስከዚያ ቀን እንደዚያ ወድዳቸው አታውቅም።

አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ሄዱ፤ እጃቸው ሳይነካካ።

«እናቴ ሰባተኛን ታነሣ ነበር» አለ ሙስአብ። «ወላጆቼ ሲሞቱ አጎቴ ቤት ነው ያደግሁት፤ ደህና ሰው ነበር፣ እሱም ሞተ። ግን የኔ የምለው ቤት ኖሮኝ አያውቅም። አንቺ ከፊት ስትቀመጪ መኪናው ራሱ ቤት ሆነብኝ። ይህን ስናገር አትሳቂብኝ።»

«አልሳቅሁም።»

«ሽማግሌ የሚሆነኝ ዘመድ እዚህ የለኝም። ለእትዬ ሰዓደት እኔው ልንገራቸው?»

ማሂራ የሻሽዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። 

«ነገ ንገራቸው» አለች። «ዛሬ ደክሟቸዋል።»

በማግሥቱ ወደ ሞምባሳ ሲመለሱ መንገድ ዳር ኮኮናት የሚሸጥበት ቦታ ቆሙ። እትዬ ሰዓደት ግንድ ላይ ተቀምጠው የኮኮናቱን ውኃ በስትሮው እየመጠጡ ነበር። ሙስአብ ፊታቸው ቁጢጥ አለ። ማሂራ መኪናውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች።

«እትዬ፣ ማሂራን በኒካህ ልጠይቅ ነው። ቃሌን ለሀጂ ያድርሱልኝ።»

እትዬ ሰዓደት ሳቁ። ውኃው ትን እስኪላቸው ሳቁ። «አንተ ቀልደኛ! እናትህም እንዲሁ ነበረች፤ ሰው ታስቅና እሷ አትስቅም!»

ሙስአብ አልሳቀም። አክስቷ ዓይናቸውን ከሱ አንሥተው ወደ ማሂራ ላኩ፤ ያዩት ፊት ሳቃቸውን አጠፋው። ኮኮናቱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«አላወቃችሁም?»

«ምኑን?» አለች ማሂራ።

«ያ ረቢ! ሀያቱ እኮ ናት ያጠባችሽ! እናትሽ አንቺን ወልዳ ታማ፣ ወተቷ ደርቆ፣ እሱ በአንድ ጡት አንቺ በአንድ ጡት... አንድ እናት ነው ያላችሁ፤ አንድ ጡት የጠቡ በሃይማኖታችን አይጋቡም፤ ወንድምሽ ነው!»

የመኪና ድምፅ አልፎ ሄደ። ሙስአብ ቁጢጥ እንዳለ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ሁለቴ ብቻ ከሆነ...» አለ በቀጭን ድምፅ። «መጥባቱ አምስት ጊዜ ካልሞላ ኒካህ አይከለክልም የሚሉ ዑለማዎች አሉ።»

«ልጄ፣ ክረምቱን ሙሉ ነው የምልህ። በየሌሊቱ ግድግዳውን አንኳኩቼ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ማሂራ። ጩኸት ሆኖ ወጣባት። «ከፊት ሲያስቀምጡኝ፣ ባሕሩን እዩ ብለው ሲሰዱን፣ ለምን አንድ ቃል አልተነፈሱም?»

«እናትሽ የነገረችሽ መስሎኝ! ከባዳ ወንድ ጋር ብትሆኚ እኔ እሰድሽ ነበር? ከወንድሟ ጋር ናት ብዬ እኮ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ!»

ማሂራ ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈቃድ ነው ያለችው፣ አክስቷ ሳይናገሩት የቀሩት ክልከላ ነበር። መኪናው ጎማ ሥር ተቀመጠች፣ እንባዋም ያለ ድምፅ ወረደ።

እትዬ ሰዓደትም እያለቀሱ ሙስአብን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ሂድ፣ አይዞሽ በላት። እጇን ያዝ፤ እህትህ ናት፣ ይፈቀድልሃል።»

ሙስአብ ተነሣ፣ አንድ እርምጃ ወደሷ ተራመደ። ከዚያ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። የተፈቀደለትን ሊነካው አልቻለም። ማሂራ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያች ቅጽበት የወደደችውን ያህል አልወደደችውም።

እስከ ሞምባሳ ከፊት የተቀመጡት እትዬ ሰዓደት ነበሩ።

መርካቶ እንደተመለሰች ማሂራ እናቷን ሱቅ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት።

«እማ፣ ሀያቱ እንዳጠባችኝ ለምን ደበቅሽኝ?»

ናኢማ ፊቷ ጠቆረ። «የወለደችውን ማጥባት ያቃታት ሲሉኝ ነበር። አማቴ በየደጁ አወራችው። ሀያቱ ከሄደች በኋላ ሰፈሩ እንዲረሳው ፈለግሁ፤ ረሳውም። ማን ይጎዳበታል አልኩ።»

ማሂራ ልትነግራት አሰበች። የእናቷን የተሰነጣጠቁ ጣቶች አይታ ተወችው። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የሷም ሆድ ያንን መያዝ ቻለ። እትዬ ሰዓደትም ነገሩን ለረሱት ወንድማቸው ያስታወሱት የማጥባቱን ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውን ዋጡት።

ከረመዳን በኋላ ሙስአብ የሰሌኑን ጭነት ራሱ ይዞ መጣ። ወንድ ልጅ ያልነበራቸው ሀጂ ኑሪ «ለካ ወንድ ልጅ ነበረኝ!» ብለው በግ አረዱ፤ ጎረቤቱን ጠርተው ሙስአብን ከጎናቸው አስቀመጡት። ማሂራ ማስታጠቢያውን ይዛ ስትዞር የሙስአብ ተራ ደረሰ። ውኃውን አፈሰሰችለት፤ ሁለቱም ውኃውን እንጂ አንዱ ሌላውን አላየም።

ከምግብ በኋላ ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙስአብ፣ ልጄ፣ ኢርፋን የሚባል የአስመጪ ልጅ ለማሂራ ሽማግሌ ልኳል። እኔ አርጅቻለሁ። ወንድሟ ነህና ያንተን ቃል ልስማ።»

 ማሂራ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

«ይሰግዳል?» አለ ሙስአብ።

«ይሰግዳል። ምስጉን ነው።»

«ይወዳታል?»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። «ይህ ደግሞ የኬንያ ጥያቄ ነው!» አለ አንዱ። ሀጂም ፈገግ ብለው «ፍቅር ቤት ከገቡ በኋላ ይመጣል» አሉ።

«እንግዲያ እሷ ትጠየቅ» አለ ሙስአብ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሁሉም ወደ ማሂራ ዞሩ። እምቢ ብትል ምክንያቱን ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱ ደግሞ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። እሱ እንዲናገርላት በዓይኗ ለመነችው። ቀና አላለም፤ ምን ብሎ ሊናገር ይችላል?

«ወንድሜ ካለ» አለች ማሂራ፣ «እኔ ምን እላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጨዋነቷን አደነቁ። ወንድሜ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ መሆኑን ከሙስአብና ከእትዬ ሰዓደት በቀር ያወቀ አልነበረም፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«እንግዲህ ቃልህ?» አሉ ሀጂ።

«ይሁን» አለ ሙስአብ።

ሀጂ ኑሪ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አላህ ትዳሩን እንዲያሰምር፣ ዘሩን እንዲባርክ ለመኑ። በየመሐሉ ቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ። ሙስአብም «አሚን» አለ።