ለጊዜው የተቀጠለ መብራት

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው የወተት መኪና ሾፌር ነው። ከከተማው መውጫ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ አንድ ፒክአፕ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ ሞተሯ የተበላሸ ነጭ የቤት መኪና አለች። ሰውየው በሁለቱ መካከል በጎኑ ተኝቷል። ሾፌሩ ወርዶ ሲነካው ቀዝቅዞ ነበር።

ሟቹን የጋራዥ ሰዎች ደራሽ ይሉት ነበር። መኪና መንገድ ላይ የተበላሸበት ሁሉ ለእርሱ ይደውላል፤ እርሱም በሌሊት ቢሆን ሄዶ ይጎትታል። የነጯ መኪና ባለቤት ቁልፉን ሰጥቶት በታክሲ ወደ ቤቱ ስለሄደ፣ በቦታው ሌላ ሰው እንዳልነበረ ታመነ።

የትራፊክ ፖሊሱ ዘገባ አጭር ነበር። ደራሽ የመጎተቻውን ብረት ሲያስር ያልታወቀ የጭነት መኪና ገጭቶት አልፏል። የገጨውም ከፒክአፑ ኋላ የተጨመሩት ሁለት ፓውዛ መብራቶች ስላልበሩ ነው፤ ሽቦአቸው ተለያይቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ፓውዛዎቹን የገጠመው የመኪና ኤሌክትሪሺያን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ታሰረ። ክሱ በማግስቱ ሊከፈት ነው።

ኢንስፔክተሯ ዘገባውን ቆማ አነበበችው። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ሊናገር ካሰበው በላይ ይነግራታል። ወደ ጣቢያው ግቢ ወርዳ ፒክአፑን ከፈተችና ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። እግሮቿ ሳትንጠራራ ፔዳሎቹ ላይ ደረሱ።

«ይህን መኪና ማነው ነድቶ ያመጣው?»

«ማንም» አለ ዘበኛው። «ክሬን ነው ያመጣው። አሻራ እንዳይጠፋ ማንም እንዳይቀመጥበት ተባለ። አሻራ የሚያነሳው ሰው ግን እስካሁን አልመጣም። እርስዎ መጡና ተቀመጡበት።»

«እውነትህን ነው» ብላ ወረደች። ከኋላ ሄዳ ተንበረከከች። ፓውዛዎቹን የያዘው ብረት ወደ ፒክአፑ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ ቀለም ተላልጦ ቀርቷል። የአንደኛው አምፖል መስታወት ተሰብሮ የሚበራው ውስጠኛ ክር ተራቁቷል። ክሩን በእጅ ባትሪዋ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሽቦውን ያዘች። ሁለቱም ጫፎች ቀጥ ብለው የተቆረጡ ነበሩ።

ኤሌክትሪሺያኑን፣ በቅጽል ስሙ ብልጭታን፣ ከእስር ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ አገኘችው።

«ምግብ በልተሃል?»

«ቤተሰብ አምጥቷል። የሚውጠው ጉሮሮ ግን አላመጡልኝም።»

«ፓውዛዎቹን እንዴት ነው ያገናኘሃቸው?»

«ከኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ ላይ ቀጠልኳቸው። ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ይበራሉ፣ ሲወጣ ይጠፋሉ። የራሳቸው ማብሪያ ያስፈልጋቸዋል ብዬው ነበር። ‹እስኪመጣ ለጊዜው ቀጥልልኝ፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አለ› አለኝ። እሱ ሁሌም የሚጠብቀው ሰው አለ።»

«ታዲያ ቆሞ ሲሠራ እንዴት ያበራቸዋል?»

«ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ ማርሹን ያስገባል። ግን ባትሪው የደከመ ነው፤ ሞተር ካልሠራ ሻማ ይሻላል። ሞተር እየሠራ ከሆነ ደግሞ መኪናው እንዳይሄድ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚይዝለት ሰው...» ቀና ብሎ አያት። «ብቻውን ነበር አይደል እንዴ የተባለው?»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ከተበጠሰ ቆይቷል። እሱንም ለጊዜው ብሎ ነው የተወው።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ ሚስቱ እዚህ ድረስ መጥታ ገዳይ አለችኝ። እኔ እኮ ሠርጋቸው ላይ ሚዜ ነበርኩ።»

የሟቹ ቤት ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ሚስቱ አጭርና ቀጭን ናት፤ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆና ትሠራለች። መርዶውን የሰማችው እዚያው፣ እርጥብ አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገባቸው እንዳልተለየች የሥራ ባልደረቦቿ ቃል ሰጥተዋል።

«የታሰረውን እንዳትፈቱት ብቻ» አለች። «ሌላ የምለምናችሁ የለኝም።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች በቁመት እኩል ነበሩ።

«ከወንድምህ ጋር ባለፈው ሳምንት ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ማን አባቱ ነው ያለው?»

«ጎረቤት።»

«ጎረቤት የራሱን ቤት ያዳምጥ! የቤተሰብ ነገር ነው።»

«‹አንድ ቀን ሰው ታስገድላለህ› ብለኸዋል።»

የወንድምየው ዓይን ወደ ግቢው ሄደና ተመለሰ። «ተናድጄ ነው» አለ።

የሟቹ አባት ግቢው ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከሚስቲቱ ብዙም የማይበልጡ አጭር ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ረጅም መንገድ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ነው። እንግዳዋን ሲያዩ ወንበር ሊያመጡላት ተነሡ። የግራ ጫማቸው ከበርጩማው ሥር ቀረ፤ እርሳቸው ግን በባዶ እግራቸው ጠጠሩን እየረገጡ ግቢውን አቋረጡ።

«አባባ፣ ጫማዎ!» አለች ምራታቸው።

ሽማግሌው ዝቅ ብለው እግራቸውን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያዩ አዩት። «አዪ፣ ይቺ እግር! ስኳሩ ከያዘኝ ወዲህ እኮ ተኳርፈናል።»

«ያን ሌሊት የት ነበሩ፣ አባት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የት እሄዳለሁ? ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ማን አየዎት?»

«ብቻውን የተኛ ሰው ማን ያየዋል ልጄ?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጣቢያው ግቢ፣ በፒክአፑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ብልጭታ እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ። ሚስቲቱ ጀርባዋን ሰጠችው።

ኢንስፔክተሯ የተሰበረውን አምፖል በነጭ ጨርቅ ላይ ይዛ ነበር። «አምፖል ጠፍቶ ሳለ ቢሰበር ክሩ እንዳብረቀረቀ ይቀራል» አለች። «እየበራ ሳለ ከተሰበረ ግን አየር ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። እዩት፣ ለብሷል። ደራሽ በተመታበት ሰዓት መብራቱ ይበራ ነበር።»

«ሽቦው ተለያይቶ የለም እንዴ?» አለ ወንድምየው።

«በኋላ ነው የተቆረጠው፤ ሥራው ተበላሽቶ ነበር እንዲባል። ብልጭታ ደግሞ ራሱን የሚያሳስር ሽቦ አይቆርጥም።»

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ዞረች።

«የጭነት መኪናም አልነበረም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህ ብረት የታጠፈው ነጯን መኪና ሲመታ ነው፤ ቀለሟ ላዩ ላይ ቀርቷል። ደራሽ በሁለቱ መካከል ጎንበስ ብሎ ነበር። ፓውዛው የሚበራው የኋላ ማርሽ ሲገባ ነው፤ ባትሪው ስለደከመ ሞተሩ መሥራት አለበት። ስለዚህ ብርሃን እንዲያገኝ አንድ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ፣ ማርሹን አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይይዝለት ነበር። ያ እግር ከፔዳሉ ተነሣ። መኪናው ወደ ኋላ ዘለለ።»

«ማነው እሱ?» አለች ሚስቲቱ።

«ወንበሩን ለእኔ ቁመት ተጠግቶ ነው ያገኘሁት። ባልሽም ወንድሙም ጉልበታቸው እዚህ አይገባም። አንቺ ቁመትሽ ይበቃል፤ ግን ሥራ ላይ ነበርሽ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ጠቡ አባታችሁን መኪና ላይ እንዳያስቀምጣቸው ነበር፤ አይደለም?»

ወንድምየው መሬት መሬት አየ። «ረዳቱ ከለቀቀ ጀምሮ ይዟቸው ይወጣ ነበር። እግራቸው አይሰማቸውም ብዬ ለመንኩት። ‹ቤት ውስጥ ግድግዳ እያዩ ከሚሞቱ ትንሽ ሾፌር ይሁኑ› አለኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ከሞተ በኋላ ጠረጠርኩ። ግን አባዬን መጠየቅ ፈራሁ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሽማግሌው ቀረበች። «ጫማዎ ከእግርዎ ሲወልቅ አልተሰማዎትም። ፔዳሉም ከሥሩ ሲያመልጥ እንደዚያው።»

ሽማግሌው ዝቅ ብለው ግራ እግራቸውን አዩ። «የረገጥኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እምላለሁ፣ የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። መኪናውን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ ለብርሃን የኋላ ማርሹን አስገብቼ ወረድኩ። ‹አባዬ፣ ይሂዱ፤ እዚህ እንዳያገኙዎት› አለኝ። ፒንሳ አውጥቼ ሽቦውን ቆረጥኩ። መብራቱ ጠፍቶበት መኪና ገጨው ይባላል፣ በዚያው ያልቃል ብዬ ነው። ብልጭታ ሲታሰር ልናገር መጣሁ... አፌ አልከፈት አለኝ።»

«አለኝ?» አለች ሚስቲቱ። «ያናግርዎት ነበር?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ሽቦውን ሲቆርጡት በሕይወት ነበር?» አለች ሚስቲቱ እንደገና።

«ነበር ልጄ።»

ኢንስፔክተሯ የሐኪሙን ውጤት አንብባዋለች፤ ደራሽ ሕይወቱ ያለፈው ቀስ ብሎ ነው። ያ መንገድ ሌሊትም መኪና አያጣም። በጨለማው ውስጥ ብዙዎች ከጎኑ አልፈዋል፤ ማንም አላየውም። ይህን ልትናገር አላሰበችም፤ ግን መናገርም አላስፈለጋትም።

«ሲበራ ቢተዉት ኖሮ» አለች ሚስቲቱ፣ «አንድ ሰው ይቆም ነበር።»

ዘበኛው የብልጭታን ካቴና ፈታ። ብልጭታ ወደ እርሷ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ፤ እርሷም ከንፈሯን ልታንቀሳቅስ ሞክራ ተወችው። እንደ ድሮው ሊሆኑ እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሽማግሌውን ወደ ውስጥ ሊያስገቧቸው ሲሉ ኢንስፔክተሯ ወንድምየውን ጠየቀችው። «የስኳር መርፌ ይወስዳሉ?»

«በየቀኑ።»

«ማነው የሚወጋቸው? እዚህ የሚችል ሰው የለንም።»

ወንድምየው ሚስቲቱን አየ። ሽማግሌውም ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ ነበርኩ» አለች።

ቦርሳዋን አንሥታ፣ ማንንም ሳትሰናበት፣ በበሩ ወጣች።