በማርሽ የቆመው መኪና

ዋለ የሞተው ከሚጠግነው የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ምክትል ኢንስፔክተር ዕፀገነት ቦንጋ ዳር ካለው ጋራዥ ስትደርስ መኪናው ቁልቁል ተንሸራትቶ አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ ሬሳው ሸራ ለብሷል። ሹፌሩ ከፈለኝ ደግሞ በካቴና ታስሯል። የኛ ከተማ ለመፍረድ ዳኛ አትጠብቅም።

«የእጅ ፍሬን ሳይዝ ትቶት ነው» አሉ ዋና መካኒኩ ጋሽ ገብረሚካኤል። «ካምቢዮውንም በመጥፎ አነዳድ ያቃጠለው እሱ ነው። ዛሬ በሠራተኞች ግምገማ ላይ ሊባረር ነበር።»

«ውሃ ልቀዳ ስሄድ ፍሬን ይዤ፣ ድንጋይም አስደግፌ ነው» አለ ከፈለኝ።

«ማርሹስ?» አለች ዕፀገነት።

«ዜሮ ላይ።»

ዕፀገነት ጋቢና ገባች። ፍሬኑ ተለቋል፤ ማርሹ ግን አንደኛ ላይ ነው። ድንጋዩን መኪናው ከነበረበት ሽቅብ፣ ኮባ ሥር አገኘችው። ድንጋይ ደግሞ ዳገት አይወጣም። ከሬሳው አጠገብ ዋለ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ያወረደው ዘይት በባልዲ ተቀምጧል፤ ወፍራም ነው፣ አረር አረር ይሸታል። የስቶር ሠራተኛዋን ብርቄን ጠራች።

«የዚህ መኪና ዘይት እንዲህ ነው?»

«ኧረ ቀይና ቀጭን ነው! ጋሽ ገብረሚካኤል ግን ለዚህም የሌሎቹን መኪኖች ወፍራም ዘይት ከስቶር አውጪ አሉኝ። ትናንት ለዋለ ነገርኩት። ‹በግምገማው እናገራለሁ፣ ከፈለኝ በሰው ጥፋት አይባረርም› አለ።»

ጠዋት ከዋለ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚሁ ሦስቱ ብቻ ናቸው። መኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው ሲያቆሙ ምን ያደርጋሉ?»

«ማርሽ አስገባለኋ! ይሄም ይጠየቃል?»

«አንተስ ከፈለኝ?»

«ይሄ ኦቶማቲክ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ማርሽ አይይዘውም።»

«አልያዘውምም፤ አንደኛ ገብቶ አጥሩ ድረስ ወርዷል» አለች ዕፀገነት። «ካምቢዮውን ያቃጠለው ኦቶማቲክ ላልሆኑት መኪኖች የሚሆነው ወፍራም ዘይት ነው፤ ዋለም ይህን ሊያጋልጥ ነበር። ገዳዩ ድንጋዩን ወረወረ፣ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናው ዋለን ጨፍልቆ ወደ መንገዱ ሲወርድ ግን ደነገጠ፤ ሊያቆመው እጁ እንደለመደው ማርሽ አስገባ። ከፈለኝ እንደማይዝ ያውቃል። ብርቄ መሪ ጨብጣ አታውቅም።»

ልማድ ሲሰለጥን ተፈጥሮ ይሆናል። ወፍራሙን ዘይት ያስጨመረውም፣ ማርሹን ያስገባውም ያው የኖረ ልማድ ነበር። ሽማግሌው ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«መፍቻ መያዝ ያስተማርኩት ልጅ» አሉ፤ «በሰው ፊት ሊያዋርደኝ!»

ካቴናው ከከፈለኝ እጅ ወጥቶ ወደ እሳቸው ሄደ። ከፈለኝ ደስ አላለውም። ተንበርክኮ ሸራውን ገለጠ፤ እንባው እየወረደ ሟቹን ወቀሰው።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት ዋለ? እኔ ሌላ ሥራ አላጣም ነበር።»