ከመስታወት መሶቡ የወጡት ዓሣዎች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህንን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንኮበር ያደግሁ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ በእኛ በኩል ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቱንም ዛፉንም ሲውጠው፣ በጉም ውስጥ ስለሚጣራ ድምፅ የማያወራ ሰው የለም፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሳቅሁ ነበር የምሰማው፣ አባቴም እንዲህ ያለውን ወሬ አይወድም። ደግሞ ሰው ሲያወራ ሁልጊዜ ነገሩ የሚሆነው በእኩለ ሌሊት ነው፣ የእኔ ግን በቀን ነው የሆነው፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ፣ አጎቴ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ። እመኑኝ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ትምህርት በሌለኝ ሰዓት አጎቴን ጌታሁንን ሆቴሉ ውስጥ እረዳዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጋሽ ሰኢድ ሱቅ እሄዳለሁ። ጋሽ ሰኢድ የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፣ ደብረ ብርሃን ከገቡ ቆይተዋል፣ ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ገመድና ላስቲክ ይሸጣሉ፣ ከኋላ በኩል ግን አራት የመስታወት ገንዳ አላቸው፣ በውስጣቸውም ወርቃማ ዓሣዎች ያረባሉ። አንድ ቀን ገመድ ልገዛ ገብቼ ዓሣዎቹን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ፣ ከዚያ ወዲህ ውኃ መቀየር አስተማሩኝ፣ እኔም ደስ እያለኝ እታዘዛቸው ነበር።

የእሳቸው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፦ የቧንቧ ውኃ መድኃኒት ስላለው መጀመሪያ በበርሜል ተቀድቶ ይሰነብታል፣ ከዚያ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ማጣሪያው እየሠራ አንድ ወር ያህል ዓሣ ሳይገባበት ይቆያል፣ ምክንያቱም የዓሣን ቆሻሻ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች እስኪፈሉበት ድረስ ውኃው መርዝ ነው። "ውኃም እንደ ሊጥ ነው፣ እርሾ ይፈልጋል" ይላሉ። የቸኮለ ገዢ ሲመጣባቸው አይሸጡም፣ "ሂድ፣ ውኃህን አሰንብትና ና" ብለው ይመልሱታል፣ ሰውም "ዓሣ ነው ወይስ ልጅዎን ነው የምንጠይቀው?" እያለ ይስቅባቸዋል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ዝግጅት አለ፣ ሰው ቤትና ሆቴል እየሄዱ በሦስት ቀን ውስጥ ታይቶ የማያውቅ የዓሣ ገንዳ ይሠራሉ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ ዓይኑ ተሸፍኖ ይመጣና ጨርቁ ሲነሣ ይጮኻል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። አጎቴ ተመዝግቦ ደረሰው። የሠሩለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመስታወት መሶብ! ሰው የሚያህል፣ እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ አናቱ ላይ ከአክርማ የተሰፋ እውነተኛ ክዳን የተደፋበት፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ እያለ የሚቀያየር መብራት ያለው። የወጥ ቤቷ እትዬ አስካለ ወገቧን ይዛ አየችውና፣ "እንግዲህ እንጀራችንን ዋኝተን ልናወጣው ነዋ!" አለች፣ ሁላችንም ሳቅን።

በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ደግሞ ማንም ቆሞ አያስብም፣ ባልዲው፣ ድስቱ፣ ጀሪካኑ፣ ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል። ሐሙስ ጠዋት "ውኃ መጣ!" የሚል ጩኸት ሲሰማ ሠራተኞቹ በልማዳቸው ጎማውን እየሮጡ ጎትተው ከበርሜሉ በፊት መሶቡን ሞሉት፣ አጎቴም "ጎበዞች!" አለ። እኔ ከክፍል ስመጣ ሞልቶ አገኘሁት። ከአዲስ አበባ ይመጣሉ የተባሉት ዓሣዎች ደግሞ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀሩ፣ አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ፣ "ዓሣ ዛሬ ካልገባ ቀረጻ የለም፣ እኛም ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን" አለ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "ማሂ፣ ያ ሽማግሌ ወዳጅሽ አይደለም? አንቺን እንቢ አይልም።"

"ጋሼ፣ ውኃው እኮ ገና..."

"ማሂዬ፣ አታሳፍሪኝ።"

አጎቴ ከአንኮበር አምጥቶ፣ ቤቱ አኑሮ ያስተማረኝ ሰው ነው፣ እንቢ ልለው አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር ማንንም እንቢ ማለት አልችልበትም። ሄድኩ።

ጋሽ ሰኢድ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ውኃው ሰንብቷል?"

"ወር አልፎታል፣ ጋሽ ሰኢድ።"

"ማጣሪያው ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"ከእኔ ገንዳ እርሾ ልስጥሽ? ይህን የማጣሪያዬን ስፖንጅ ይዘሽ ብትሄጂ..."

"አያስፈልግም፣ ዝግጁ ነው" አልኩ። ስፖንጁን ብቀበል ውሸቴ የሚታወቅብኝ መሰለኝ፣ አያችሁ፣ ያንን ስፖንጅ እንኳ ብቀበል ኖሮ!

"ሌላ ሰው ቢሆን ወላሂ በል እለው ነበር" አሉ እየሳቁ፣ "አንቺ ግን የመሪጌታ ልጅ ነሽ፣ ቃልሽ ይበቃኛል።" ከዚያ ሃያ አራት ዓሣ አንድ በአንድ ቆጥረው በላስቲክ ከረጢት ውኃ ውስጥ አደረጉልኝ፣ አንዱ ዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ጋር የኖረ፣ ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ያለበት ነበር። ሳቃቸውን ተዉና እንዲህ አሉኝ፦ "ይህ ሽያጭ አይደለም፣ አማና ነው። አማና የተቀበልሽውን እንደተቀበልሽው የምትመልሺው ነገር ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ትመልሺልኛለሽ።"

"እሺ" አልኩ።

ቀረጻው አማረ። ጨርቁ ተነሣ፣ አጎቴ ጮኸ፣ አዘጋጁም ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደቅኖ፣ "ባለሙያችን፣ ውኃው ለዓሣዎቹ ዝግጁ ነው?" ሲለኝ ፈገግ ብዬ "ዝግጁ ነው" አልኩ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ማታውኑ ልመልሳቸው ስነሣ አጎቴ፣ "እስከ እሑድ ይቆዩ፣ እንግዶች ጠርቻለሁ" አለኝ፣ እኔም የያዝኩትን ከረጢት መልሼ አስቀመጥኩ።

ዓርብ ጠዋት አምስቱ ሞተዋል። የቀሩት ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ አንዳንዶቹ ክንፋቸው ሥር ደም መስሏል። አጎቴ፣ "የሞቱትን እንግዳ ሳያይ አውጫቸው" ብሎ ወጣ። በርሜል ውስጥ ካደረው ውኃ እየቀዳሁ ቀየርኩላቸው፣ ግን ትንሽ ነበር፣ መሶቡ ደግሞ ጉድጓድ ነው። ጋሽ ሰኢድ ጋር አራት ጊዜ ደወልኩ፣ የጁምዓ ሰዓት ስለነበረ ስልካቸው ዝግ ነው። እውነት ልናገር፣ ዝግ በመሆኑ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጉሙ ከአንኮበር በኩል መጣና መንገዱን ሸፈነው። መብራት ጠፋ። ማጣሪያው ሲያጉተመትም ቆይቶ ጸጥ አለ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ምሳ ላይ ናቸው፣ እንግዳ መቀበያው ላይ እኔና መሶቡ ብቻ ቀረን። በዚያ ጸጥታ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጠቅ። ቆየት ብሎ፣ ጠቅ። ጥፍር መስታወት ሲነካ እንደሚያሰማው ያለ ነው። ዓሣዎቹ መስታወቱን የነኩት መስሎኝ ተጠጋሁ፣ እነሱ ግን ሁሉም አናት ላይ ናቸው፣ ድምፁም ከታች፣ ከቀጭኑ እግር በኩል ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው ሲሰማ ዓሣዎቹ አናቱን ለቀው ወረዱ። እመኑኝ፣ ለመተንፈስ ሲታገሉ የነበሩት አሥራ ዘጠኙም አንድ ላይ ወረዱና በበሩ በኩል ባለው መስታወት ላይ አፍንጫቸውን አድርገው ተደረደሩ፣ አንዱም ጭራውን አይነቀንቅም። እኔም በሩን አየሁ። ያኔ ነው ጋሽ ሰኢድ የገቡት።

ነጭ ቆባቸው፣ ረጅም ካፖርታቸው፣ እጀታው በሽቦ የታሰረው ቢጫ ባልዲያቸው፣ ሁሉም ራሱ ነው። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ጋሽ ሰኢድ የአባቴን ጤና፣ የእናቴን ጤና፣ የላሞቹን ጤና ሳይጠይቁ ወሬ የማይጀምሩ ሰው ናቸው፣ ያን ቀን ግን ሰላም እንኳ አላሉኝም። ተቆጥተው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ቢቆጡም ደግሞ ይገባኛል።

"ጋሽ ሰኢድ፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ ውኃው ወር አልቆየም፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፣ እንባዬ መጣ።

አላዩኝም። "አማናዬን ልውሰድ" አሉ።

"ይውሰዱ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

የአክርማውን ክዳን አንሥተው ግራ እጃቸውን፣ የካፖርቱን እጅጌ ሳይሰበስቡ፣ እስከ ክርናቸው ከተቱት። ውኃው አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ልብ አላልኩም፣ አሁን ግን እሱን ሳስብ ነው ጀርባዬን የሚበርደኝ። ዓሣዎቹ መረብ አላስፈለጋቸውም፣ አንድ በአንድ መጥተው በሽማግሌው መዳፍ ላይ እየተኙ ወደ ባልዲው ገቡ፣ ነጭ ጭንቅላት ያለው መጀመሪያ መጣ፣ እኔም በልቤ እየቆጠርኩ አሥራ ዘጠኝ ደረስኩ። በመጨረሻ እጃቸው ሲወጣ እጅጌው ደረቅ ነበር። ባልዲውን አንሥተው ሲሄዱ በሩን ከፍቼ ያዝኩላቸው፣ ጉሙ ውስጥ ገቡ፣ የእግራቸውንም የውኃውንም ድምፅ አልሰማሁም።

መብራት ሲመጣ ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን ባዶ መሶብ ውስጥ ይዞር ጀመር። እትዬ አስካለ እጇን እየጠረገች መጣች። "ውይ! ዓሣዎቹስ?"

"ጋሽ ሰኢድ መጥተው ወሰዷቸው።"

"በየት በኩል? እኔ ምሳዬን ይዤ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ነበርኩ እኮ፣ ማንም አልገባም።"

ዘበኛውን ጠየቅሁት። "እቴ፣ ዛሬ በዚህ በር ድመት እንኳ አላለፈም" አለኝ።

እየሮጥኩ ሱቁ ሄድኩ። ጋሽ ሰኢድ ከመስጊድ ተመልሰው ቁጭ ብለው ገመድ ይለካሉ፣ ቢጫው ባልዲ ጥጉ ላይ ተደፍቷል፣ ቂጡ ላይ አቧራ አለበት። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "የመሪጌታ ልጅ! አባትሽ ደኅና ናቸው? እናትሽስ? ዓሣዎቼስ እንዴት አደሩ?"

እዚያው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከውሸቱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለሞቱት አምስቱም። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ገመዱን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ከሶላት ወደዚህ ነው የመጣሁት፣ አብሮኝ የሰገደው ጎረቤቴ ይኸው ከፊት ለፊት አለ። ታዲያ አማናዬን ለማን ነው የሰጠሽው?"

ከደፉ ተነሥቼ አራቱን ገንዳ አንድ በአንድ አየሁ፣ ነጭ ጭንቅላት ያለው የለም።

ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። እናቴ ከአንኮበር ደውላ እልል አለች፣ የክፍሌ ልጆችም "ባለሙያችን" እያሉ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ። አጎቴ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ዓሣ ገዝቶ መሶቡ ውስጥ ከተተ፣ እንግዳው ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ እንደማይተነፍሱ ልብ ያለ አንድም ሰው የለም። ጋሽ ሰኢድ ግን ከአራቱ ገንዳ አንዱን ባዶ አደረጉት፣ የሰነበተ ውኃ ሞሉበት፣ ማጣሪያውን ከፈቱ። "ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም፣ ከመለሳቸው ግን ዝግጁ ውኃ ያግኙ" አሉኝ፣ የገንዳውንም ነገር ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ፣ ምንም የሌለበትን ገንዳ ሩቡን ውኃ እቀይራለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ። ሞተዋል ብዬ አላዝን፣ አሉ ብዬ አልጽናና፣ እንዲሁ ነው የምኖረው።

ባለፈው ቅዳሜ በባዶው ገንዳ አሸዋ ላይ ቀጭን ጥቁር ክር የመሰለ ነገር አየሁ፣ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ቦታ። ጎንበስ ብዬ ቀረብኩ። የዓሣ ኩስ ነው፣ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ስጠርግ ኖሬ አላጣውም። ልደብቀው እችል ነበር፣ ጠርጌው ዝም ማለት እችል ነበር፣ ግን ጠራኋቸው።

ጋሽ ሰኢድ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የምግቡን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

"ቆንጥረሽ ጣይላቸው" አሉኝ በዝግታ፣ "ብዙ እንዳታደርጊ።"

ቆንጥሬ ጣልኩ። ምግቡ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ፣ ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ፣ ወይም አንድ ነገር ከታች ያነሣው እንደሆነ ግን አላየሁም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።