የድንጋይ ቃል አይጠየቅም

ድንጋዩ መልኬድን ከሃዲ ብሎ የጠራው፣ መልኬድ በጠላት ፍላጻ የተወጋ ትከሻውን በሻሽ እያስጠመጠመ ሳለ ነበር። የምትጠመጥምለት እህቱ ታዝራ ናት። እጇ በወንድሟ ደም እንደ ራሰ ቀና ብትል፣ በምሽጉ አደባባይ የቆመው ተናጋሪ ድንጋይ በንጉሡ ድምፅ እንዲህ ሲል አስተጋባ፦

«የዘምበራ ሕዝብ ሆይ ስማ! የምሥራቁ በር ጠባቂ መልኬድ በሩን ለዘርጉም ሸጧል። ራስ ወንዛም ሠራዊቱን አስከትቶ ይውረድ፤ የከሃዲውንም አንገት ይቁረጥ!»

በዘምበራ ምድር በየተራራው ጫፍና በየከተማው አደባባይ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ቆመዋል። በደብረ ነባብ ዋሻ ውስጥ ለእናት ድንጋይ የተነገረ ቃል በዚያው ቅጽበት ከሁሉም ዘንድ ይሰማል። አባቶቻቸው በዚህ ይኮሩ ነበር፤ የሚያኮራም ነበር። ዳሩ ግን ከጸጋው ጋር አንድ ሕግ አወረሷቸው፦ የድንጋይ ቃል አይጠየቅም። «እውነት ነውን?» ያለ ሰው ንጉሡን ውሸታም ብሎ እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ስለዚህ ዘምበራዎች ከአራሽ እስከ መስፍን መጠየቅን ረሱ፤ ከሰገባው ሳይወጣ የኖረ ሰይፍ መዛጉ አይቀርም።

ያን ዕለት ጠዋት ከመልኬድ ጎን ተሰልፈው የተዋጉት ወታደሮች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ይህስ ይሁን። የባሰው የራሱ የመልኬድ ነገር ነበር። ቀበቶውን ፈታ፣ ሰይፉን መሬት ላይ አኖረና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እሰሩኝ» አለ።

«ምን አልክ?» አለች ታዝራ።

«ድንጋዩ ካለ አንድ ነገር ቢኖር ነው፣ እህት ዓለም። ምናልባት ሳላውቅ በድዬ ይሆናል።»

«ሳታውቅ በር ትሸጣለህ? ዋጋውንስ የተቀበልከው ተኝተህ ነው?»

«የድንጋይ ቃል አይጠየቅም» አለ መልኬድ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ።

ታዝራ በጥፊ ልትለው ቃጣት፤ ቁስሉን አይታ ተወችው። ከቅጥሩ ውጭ የጠላታቸው የዘርጉም ሠራዊት ነጋሪት ይጎሰማል። ይህ ሠራዊት ከሰፈረ ወዲህ ይደነፋል፣ ፍላጻ ይወረውራል እንጂ ከልቡ ገፍቶ አያውቅም። ምን እንደሚጠብቅ እስከዚያ ቀን ድረስ የገባው አልነበረም።

የገባው ሰው በእስር ቤት ነበር። አንድ ዓይኑን በጦርነት፣ ትዕግሥቱን በሰላም ጊዜ ያጣው የምሽጉ ሽማግሌ ወታደር ባሻ ጎንዳል፣ ናዝሪብ የሚባለውን ጨው ነጋዴ ገበያ መሀል ይዞ አስሮት ነበር። ናዝሪብ «ጉድጓዶቻችሁ ተመርዘዋል» ብሎ አስወርቶ፣ ያገሬው ሰው የገዛ ጉድጓዱን በገዛ እጁ በአፈር ደፍኗል። ያን ማታ ባሻ ታዝራን አስከትሎ ገብቶ ጩቤውን ከአገጩ ሥር ሲያስጠጋለት ናዝሪብ ምላሱ ተፈታ።

«ጌታዬ ዘርጉም ሦስት ጦር አለው» አለ። «አንደኛው ከደጃችሁ የሚፎክረው ነው፤ እሱ ዓይናችሁን ወደ ውጭ ለማስቀረት ነው። ሁለተኛው እኛ ነን፤ በየገበያው ሁለት እውነት አውርተን አንድ ውሸት እናስከትላለን። ውሸት ብቻውን መንገድ አይወጣም፣ እውነት ያጅበዋል። ሦስተኛው ደብረ ነባብ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ድምፀ በል ይሉታል። የበላውን ሰው ድምፅ የራሱ ያደርጋል። ንጉሣችሁ ለዘመን መለወጫ ሊባርኩ ወደ ዋሻው ገቡ፤ ዲዳ ሆነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሚናገረው እሱ ነው።»

«ጦራችሁስ መቼ ሊዋጋ ነው?» አለች ታዝራ።

«እርስ በርስ ስትጨራረሱ፣ እመቤቴ። ጌታዬ የሚዋጋው ሬሳ ለመልቀም ነው።»

ታዝራ ወንድሟን ሄዳ አየችው። በሰንሰለት ታስሮ የራስ ወንዛምን ሰይፍ በጨዋ ደንብ ይጠባበቃል። ከአባታቸው ቤት የቀራት ሰው እሱ ብቻ ነው። የባሻን ሰይፍ ስለት በመዳፏ ይዛ ማለች፦

«በአባቴ አጥንት፣ በዘምበራ ተራሮች ሁሉ ስም እምላለሁ! ያን አፍ ሳልዘጋ ብመለስ መሬት አትቀበለኝ፤ ውኃ አያርካኝ!»

«መሐላሽን አሳጥሪና ጫማሽን አጥብቂ» አላት ባሻ። «መንገዱ ረጅም ነው።»

ናዝሪብን በገመድ እየነዱ፣ ጠላት በሌለበት በኋላው በር ወደ ደብረ ነባብ ወጡ። በየመንደሩ ጭስ ነበር። ድንጋዩ እህሉ ውስጥ ቸነፈር ገብቷል ስላለ፣ ገበሬዎች የገዛ ጎተራቸውን እያነደዱ ያለቅሱ ነበር። ልጆቻቸው ቆሎ ሲለምኑ ይቆጧቸዋል። ባሻ አንዱን «እህሉን ቀምሰኸዋል?» ቢለው፣ ሰውየው እንደ እብድ ቆጥሮ ሸሸው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምሽጉ ከሚወርደው ከራስ ወንዛም ሠራዊት ጋር ተገናኙ። ንጉሡም በቃሬዛ ላይ ሆነው አብረው ነበሩ። ታዝራ በራስ ወንዛም በቅሎ ፊት ተንበረከከች፤ የወንድሟ ደም እንደ ደረቀበት ያላጠበችውን መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ጌታዬ ራስ፣ ወንድሜ ከሃዲ አይደለም። ይህ ለበሩ የፈሰሰ ደሙ ነው።»

«ድንጋዩ ተናግሯል፣ ልጄ» አለ ራስ ወንዛም በለዘበ ድምፅ።

«ድንጋዩ ጠላት ገብቶበታል! ጃንሆይ ይኸው አሉ፤ ለምን እሳቸው አይጠየቁም?»

ንጉሡ ከቃሬዛው ተንጠራርተው የራስ ወንዛምን ካባ ጨመደዱ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ጉሮሯቸውን እየደበደቡ፣ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እየነቀነቁ አለቀሱ። ራስ ወንዛም ለጥ ብሎ እጅ ነሣ።

«ተመልከቺ» አላት። «ጃንሆይ በከሃዲው ሥራ ማዘናቸው ይህን ያህል ነው።»

መኳንንቱ ሁሉ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ታዝራ በሕይወቷ ሰውን እንደዚያ ጠልታ አታውቅም። ዘርጉም እንኳ የሚሠራውን ያውቃል፤ ይህ ሽበታም ግን በገዛ ዓይኑ እያየ በደግ ልብ ወንድሟን ሊያርድ ይወርዳል። ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ባሻ «የወንድሟ ነገር አእምሮዋን አናውጦት ነው፣ ጌታዬ» ብሎ ጎትቶ አወጣት። ሠራዊቱ ወደ ምሽጉ ወረደ፤ እነሱ ወደ ተራራው ወጡ።

ከደብረ ነባብ ዋሻ አፍ ላይ የዘርጉም ዘበኞች ነበሩ። ባሻ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሰይፉን መዘዘ፤ በወገቡ የነበረውን የብረት ዱላ ለታዝራ ሰጣት።

«እናት ድንጋይ ከተሰበረች ድምፀ በሉ ይሞታል» አለ ናዝሪብ፣ ገመዱ እንዲፈታለት እየተለማመጠ። «ነገር ግን አስቢበት። ድንጋይዋን ብቻ ብትሰብሪ የመጨረሻው ትእዛዝ እንደ ጸና ይቀራል፤ ራስም ይፈጽመዋል። መናገር ብትፈልጊ ደግሞ ድምፅሽን ለአውሬው ታስረክቢያለሽ። አንድ ጊዜ ነው የምትናገሪው። የተበላ ድምፅ አይመለስም።»

ታዝራ ገመዱን ቆረጠችለት። ናዝሪብ ዞር ብሎ ሳያይ ቁልቁል ፈረጠጠ፤ የተከተለውም የለም።

«ግቢ!» አላት ባሻ።

«አንቱስ?»

«እኔማ ስሳደብ የምኖር ሰው ነኝ፤ ዛሬ የሚሰሙኝ አገኘሁ። ግቢ ብያለሁ!»

በቀጭኑ መንገድ ላይ ተገትሮ፣ ከዋሻው አፍ የወረዱበትን ዘበኞች በስድብም በሰይፍም ተቀበላቸው፤ ታዝራም ከጀርባቸው ሾልካ ገባች። ታዝራ ዋሻው ውስጥ ሆና ስድቡን ትሰማ ነበር፤ ስድቡ ሲያቆም ባሻ እንደ ሞተ አወቀች።

ድምፀ በል እናት ድንጋይን እንደ አልቅት ተጣብቋት ነበር። ዓይን የለውም፤ እርጥብ ገላው ላይ ብዙ ጉሮሮዎች ይነፋሉ፣ ይሟሽሻሉ። በንጉሡ ድምፅ አናገራት፦

«ስለ መልኬድ የመጣሽ አንቺ ነሽ። ድምፅሽን ስጪኝና በመላው አገር ላይ አንድ ቃል ተናገሪ። ማሩት በይ። ሕዝብሽ ይታዘዛል፤ መቼም የማይታዘዘው የለውም።»

እርግጥ ነበር። ማሩት ብትል ራስ ወንዛም ሰይፉን ሰገባው ይከታል፤ እንደ ታዘዘ ይገድላል፣ እንደ ታዘዘ ይምራል። ወንድሟ ይኖራል። ታዝራ ቃሉን ምላሷ ላይ አደረሰችው። ከዚያ በጭሱ ውስጥ ያለቀሱት ገበሬዎች ትዝ አሏት። ናዝሪብና ባልንጀሮቹ በየገበያው አሉ። ድንጋይዋ ተሰብራ ይህ ሕዝብ በቀድሞ ልቡ ከቀረ፣ ነገ አብልጦ የጮኸ ሁሉ ንጉሡ ይሆናል። ያን ልብ የሚለውጥ ሌላ ቃል ብትናገር ደግሞ የመልኬድ አንገት በዚያ በምትጠላው ሽማግሌ ፍርድ ላይ ይወድቃል። ልቧ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ወንድሟን በስሙ ጠርታ አለቀሰች። ከዚያም ጉሮሮዋን ለአውሬው ሰጠች።

«የዘምበራ ሰዎች!» አለች፤ ድምፅዋም በየተራራው፣ በየአደባባዩ፣ በየምሽጉ ተሰማ። «ጠይቁ! የሰማችሁትን ሁሉ ጠይቁ። ይህን የምላችሁንም ጭምር!»

ወዲያው የብረት ዱላውን አነሳች። በመጀመሪያው ምት አውሬው በብዙ ሰዎች ድምፅ ጮኸ፤ በኋለኛው ድንጋይዋ ተሰነጠቀች። በመላው ዘምበራ ድንጋዮቹ አንድ ላይ ዝም አሉ። ታዝራ ባሻን በስሙ ልትጠራው ሞከረች። ምንም አልወጣም።

ከዋሻው ስትወጣ ከዘበኞቹ አንድም አልቀረም፤ ባሻ ሁሉንም ይዞ ወድቆ ነበር። ቀብራው ወረደች። መልኬድ ይኑር ይሙት የሚነግራት አልነበረም፤ ድንጋዮቹን የገደለች ራሷ ናት። በአንድ አውድማ ላይ ገበሬዎች አንድ ጨው ነጋዴ ከበው «ማን ነገረህ? አንተስ የት ሆነህ አየህ?» እያሉ ያፋጥጡት ነበር። ሰውየው ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ከምሽጉ ስትደርስ የዘርጉም ድንኳኖች ተቃጥለው፣ ነጋሪቶቹ ተቀደው ሜዳው ላይ ተበትነዋል። የራስ ሠራዊትና የበሩ ጠባቂዎች አንድ ላይ ወጥተው መትተውታል፤ ይህን ያየ አገሩ እንደ ተረፈ ያውቃል። ታዝራ ግን የፈለገችው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሩ ላይ የማታውቀው ዘበኛ ቆሟል።

«ማነሽ? ከወዴት ነሽ? ማንንስ ብለሽ ነው?»

አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው።

«እንግዲህ አትቀየሚኝ፣ እህቴ» አለ ዘበኛው። «ጠይቁ ተብለናል። ያልመለሰ አይገባም።»

ታዝራ ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። ያለ ድምፅ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነባት። ትከሻው በሻሽ የተጠመጠመ ሰው ከደረጃው እየሮጠ ሲወርድ ያየችው እንባዋን ስትጠርግ ነው።

መልኬድ አቅፏት ብዙ ቆየ። ከዚያ ያወራ ጀመር። ራስ ወንዛም ሰይፉን እንዳነሳ ድምፅዋ ከድንጋዩ ወጣ፤ ድንጋዩም ተሰነጠቀ። ሽማግሌው እንደዚያው ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ አፉ እየተንተባተበ፣ «መልኬድ፣ በሩን ሸጠሃል?» አለው።

«‹አልሸጥኩም› አልኩት» አለ መልኬድ። «ይህን ማለት እንደምችል እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ጃንሆይ ዞሮ ትእዛዙ የእሳቸው እንደ ነበር ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አይደለም ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።»

የእህቱን እጅ እንደ ያዘ ዓይኑ በእንባ ሞላ።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ እህት ዓለም። ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ። አገር ሁሉ ሲሰማሽ፣ እኔ ከሰይፍ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ስለ እኔ አንዲት ቃል እንዴት አጣሽ?»

መልሱ በታዝራ ውስጥ ሙሉ ነበር። መልኬድ ፊቷን እያየ ጠበቃት፤ አሁንም ጠበቃት። እሷም እጁን አንስታ ጉሮሮዋ ላይ አኖረችለትና አፏን ከፈተች።