ያልተሰቀለው የዒላማ ወረቀት

ሮላንድ ፔተርካ የሞተው የአጋዘን አደን በተከፈተበት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ጥድ ጫካ ውስጥ፣ የወደቀ ግንድ ላይ እንደተቀመጠ ጥይት ደረቱን መታችው። ሬሳውን ያገኘው ወንድሙ ዱዌን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጥይቷ ከሮላንድ ልጅ ከትሮይ ጠመንጃ መውጣቷ ተረጋገጠ። ዐቃቤ ሕጉ የሃያ ዓመቱን ልጅ ረቡዕ ሊከስ ስለወሰነ ለመርማሪ ቨርና ክሉግ የቀራት አንድ ቀን ብቻ ነበር።

አደን ካምፑ በር ላይ የተቀበለቻት የሟች ሚስት አርሊን ናት።

«ልጅ እኮ ነው» አለች ገና ሰላም ሳትላት። «ሆን ብሎ አያደርገውም።»

«አደረገው ያለሽ ማን ነው?»

የአርሊን ፊት ቀላ። ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መኪና በቆመ ቁጥር ካቴና ይታያታል። ዓርብ ዕለት ጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ዘንድ አባትና ልጅ ሲጯጯሁ ሰምታለች፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

ትሮይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ምድጃው አጠገብ ያስላል።

«ዓርብ ከአባትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» አለችው ቨርና።

«ተጣልተን ነበር፤ በጠመንጃዬ ማነጣጠሪያ መነጽር። እዚህ ካምፕ ሁሉም ሰው ጠመንጃውን መቶ ያርድ ላይ ነው ዜሮ የሚያስይዘው፤ በዚያ ርቀት ጥይቷ ልክ የመነጽሩ መስቀል ያረፈበት ላይ እንድታርፍ። እኔም እንደዛ አድርጌ ወረቀቴን ሰቀልኩ። በኋላ ግን የመብራት መስመሩ ሥር ያለው ጫካ ስለተመነጠረ፣ አጋዘን አሁን ከሩቅ ነው የሚታየው ብዬ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ቀየርኩት። አባዬ ጦፈ። ‹አያትህ በመቶ ነው ያደኑት፤ ይሄን አዲስ ወረቀት ግድግዳዬ ላይ እንዳላይ!› አለኝ። የመቶው እንደተሰቀለ ቀረ።»

«መቀየርህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ቅዳሜስ?»

«ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ጠመንጃዬ በረንዳው ላይ ነበር። ግን ማን ያምነኛል?»

አርሊን ድስቱን ታማስላለች። ዞር አላለችም።

ቨርና ግድግዳውን አየች። አራት ሚስማሮች፣ ሦስት የተበሱ የዒላማ ወረቀቶች። በሮላንድና በትሮይ ወረቀት ላይ «መቶ»፣ አብሯቸው በሚያድነው በሽማግሌው ኦርቪል ወረቀት ላይ «ሃምሳ» ተጽፏል። የዱዌን ሚስማር ባዶ ነው። ከሥራቸው የተቆረጡ የሸሚዝ ጫፎች ከነባለቤቶቻቸው ስም ተደርድረዋል።

«አምስቱ የዱዌን ናቸው?»

«አጋዘን የሳተ ሸሚዙ ይቆረጣል፤ ሕጋችን ነው» አለ ጠረጴዛው ዘንድ የተቀመጠው ኦርቪል ቋሊማውን እያኘከ። «ሚስቱ የፈታችው ሸሚዝ መግዛት ቢሰለቻት ነው!»

«እርስዎስ ተኩሱን ሲሰሙ የት ነበሩ?»

«መንገዱ ዳር። የአደን ጠባቂው ፈቃዴን ሲያይ አብረን ነው የሰማነው። ደግሞ እኔ በባዶ ዓይን ነው የምተኩሰው፣ ልጄ፤ መነጽር ለሰነፍ ነው።»

ዱዌን ውጭ እንጨት ይፈልጣል።

«ወረቀትህ የት አለ?»

«ዘንድሮ አልሞከርኩም። የአምናው ይበቃኛል። መቶ ነው፣ እንደማንኛውም ሰው።»

ቨርና የዱዌንን ጠመንጃ አንስታ አነጣጠረች። የመነጽሩ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ወደቀብኝ» አለ ዱዌን። መቼ እንደወደቀ አልተናገረም።

ከዚያ ቨርና ምንጣሮው ዳር ትሮይ አጋዘን ከሚጠብቅበት ማማ ተነስታ ርቀቱን እየለካች ሄደች። ሁለት መቶ ሃምሳ ያርድ ላይ በረዶው በአጋዘን ኮቴ ተቆፍሯል። እዚያው ከእንስሳው ጀርባ የተላጨ ጫፉ ጥቁር ጸጉር ወድቋል። ጠብታ ደም የለም። ከዚያ ባሻገር፣ በዚያው ቀጥታ መስመር፣ ሮላንድ የተቀመጠበት ግንድ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሮላንድን የገደለው ሰው ሊገድለው አላሰበም» አለች። «የተኮሰው አጋዘን ላይ ነው። ጥይቷ የአጋዘኑን ጀርባ ጸጉር ላጭታ አለፈችና ከጥዱ መሃል ያልታየውን ሰው አገኘች። ታዲያ ለምን ከፍ አለች? የትሮይን ጠመንጃ ዛሬ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ መሃሉን ነው የሚመታው። ትሮይ ይህን ስለሚያውቅ የአጋዘኑ ልብ ላይ ያነጣጥርና ይጥለው ነበር። መቶ ላይ የተያዘ ጠመንጃ ጥይት ግን በዚያ ርቀት አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ‹መቶ ነው› ብሎ ያመነ ሰው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል። ተኳሹም ያደረገው ይህንኑ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አምኗል።»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተንጣጣ።

«አቶ ኦርቪል ከአደን ጠባቂው ጋር ነበሩ። የቀረው መነጽሩ የተሰበረበትና ይህን መናገር ያፈረ ሰው ነው።»

ዱዌን ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ።

«ዓርብ ከመኪናው ላይ ወደቀብኝ» አለ። «እንዳትስቁብኝ የልጁን ወስጄ ማማው ላይ ወጣሁ። ሮላንድ ወንዙ ዳር ነው ያለው ብዬ ነበር። ከተኩሱ በኋላ አጋዘኑ ሲሮጥ ሳየው ‹ስድስተኛ ሸሚዝ› አልኩ በልቤ። መሳቴን ማንም እንዳያውቅ ጠመንጃውን ቦታው መለስኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንድሜን ሳገኘው… አፌ ተሳሰረ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?» አለ ኦርቪል። አሁን አይቀልድም። «ከልጁ ጋር በአንድ ማዕድ እየበላህ?»

 ቨርና ያስከተለችው ፖሊስ ሲወስደው ዱዌን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ኦርቪልም ተከትሎ ወጣ።

«እማዬ» አለ ትሮይ። «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር፣ አይደል?»

አርሊን ልትክድ ትችል ነበር። በሕፃንነቱ ትንፋሹ ይቆማል ብላ ስትፈራ፣ መኪና ሲነዳ በረዶው ያንሸራትተዋል ብላ ስትፈራ ኖራለች፤ ያንን ሁሉ ፍርሃት እናትነት ነው ትለው ነበር። ዛሬ ግን በገዛ ልጇ ላይ እንደፈረደች ገባት።

«አዎ» አለች። «ከቅዳሜ ጀምሮ።»

ትሮይ ብርድ ልብሱን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ወደ ቨርና ዞሮ፣ «ወደ ከተማ ስትመለሺ ትወስጂኛለሽ?» አላት።

ቨርና እናቱን አየቻት። አርሊን አንገቷን ደፍታ የልጇን ኮት አመጣችና ልታለብሰው ዘረጋችለት። ትሮይ ኮቱን ከእጇ ተቀበላት፤ የለበሰው ግን ውጭ ከወጣ በኋላ ነው።