ደህና እደሪ የሚለው ሳጥን

ፊልሙ ጠፍቷል።

ሹፌሯ ሪሞቱን እንደጨበጠች ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች። የተቀዱትን ዝርዝር ወደ ላይ ገፋችው። ወደ ታች ገፋችው። ኳስ አለ፣ መጥበሻ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ የአየር ጠባይ አለ። የአውቶብሱ ፊልም ግን የውሃ ሽታ ሆኗል።

«እማዬ» አለች ዞር ሳትል፤ «ፊልሙ የለም።»

እናትየው ሻንጣቸው ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። የያዙት ሹራብ ግማሹ ታጥፏል፣ ግማሹ ተንጠልጥሏል።

«የትኛው ፊልም?»

«ለአባዬ የምትወስጂለት።»

ሹራቡ ወደቀ። በረራው ነገ ጠዋት ነው።

እኚህን ሴት የሥራ ባልደረቦቻቸው «እማማ አሻራ» ይሏቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፖሊስ ቤት የጣት አሻራ ሲመረምሩ ኖረዋል። ከብርጭቆ ላይ፣ ከበር እጀታ ላይ፣ አንድ ጊዜማ ከሐብሐብ ላይ አሻራ አንስተው ሌባ አስይዘዋል። ሰው አገር የመጡት ግን ልጃቸውን አይተው ዓይናቸውን ሊያጠግቡ ነበር። አገሩን ወደዱት፤ ቋንቋው ብቻ አንድም ቃል አልገባቸው አለ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ። የሚባለው ባይገባቸውም ማን እንደሚዋሽ ከፊቱ ያውቁታል።

ልጃቸው የከተማ አውቶብስ ትነዳለች። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ወገባቸው እስኪጎብጥ ነድተው ያስተማሯት አንዲት ልጃቸው መሪ ጨበጠች ሲባሉ ክፉኛ አኮረፉ። «እኔ አምልጬ የወረድኩበት ወንበር ላይ እንድትወጣ ነው ያስተማርኳት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስልኩን ለሚስታቸው ያቀብላሉ። የሚላክላቸውን ፎቶም ሆነ ቪዲዮ አይከፍቱም። ፊታቸው ላይ ካልያዙላቸው አያዩም።

የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ማለዳ አውቶብሶች አጭር ፊልም ሠርቶ ሹፌሯን ሲያሳይ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ዲጂታል መቅጃ ሳጥን ቀዳው። ጣቢያው ፊልሙን ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም፤ ሹፌሯ ደውላ ብትጠይቅ «ታይቶ አልፏል» ተባለች። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ፊልሙን ከስክሪኑ ላይ በስልክ ይቀርጹታል፤ እማማ አሻራም ወስደው ባላቸው አፍንጫ ሥር ይደቅኑታል። ነገ እንቀርጸዋለን፣ ነገ እንቀርጸዋለን ሲባል ዛሬ ደረሰ።

«ማንም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አሉ እማማ አሻራ።

የሚወጣም አልነበረም። የዕረፍት ቀን ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ከእናትና ልጅ ሌላ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ንጣፍ ሠሪው ባልና ልብስ ማጠቢያ ቤት የምትሠራው እህቱ። እህቱን «ቆቅ» ይሏታል። የተቀመጠችበት ሁሉ እንቅልፍ ስለሚወስዳት ለሹፈት ያወጡላት ስም ነው።

መጀመሪያ ባልየው ተጠራ። ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠ።

«ኳስ ትቀዳለህ?»

«እቀዳለሁ፣ እማማ።»

«ቦታ ሲጠብህስ?»

«ያየሁትን አጠፋለሁ።»

«የሚስትህን ፊልምም?»

«እማማ፣ እኔ ዕድሜዬን የጠላሁ ሰው እመስልዎታለሁ?»

እማማ አሻራ ዓይን ዓይኑን አዩት። አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው እንዲህ ከልቡ አይፈራም።

«ይልቅስ» አለ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፤ «ቦታውን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ መጥበሻ ሲሸጥ የሚቀዳ አለ። መጥበሻ፣ የአየር ጠባይ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ክርክር። የእህቴ ሥራ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ቆቅ ተጠራች። እያዛጋች ገባች።

በእርሷ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከባድ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሹፌሯ መሪውን ይዛ ስትናገር፣ ከኋላዋ ባለው ወንበር ላይ ቆቅ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ተኝታ ትታያለች። ፊልሙ የታየ ቀን የሥራ ጓደኞቿ ሲስቁባት ዋሉ።

«ይህን ፊልም ድራሹን አጠፋዋለሁ ብለሽ ነበር?»

«ብያለሁ።»

«አጠፋሽው?»

ቆቅ አቀረቀረች። «አንድ ቀን ላጠፋው ሪሞቱን ይዤ ተቀምጬ ነበር።»



«ከዚያስ?» አሉ እማማ አሻራ።

«እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ባልየው ከሳሎን በኩል ከት ብሎ ሳቀ። እማማ አሻራም ሳቃቸው መጥቶባቸው በሳል ሸፈኑት።

«መጥበሻውንስ የምትቀጂው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? የወንድሜ መስሎኝ! አዲስ መጥበሻ ሊገዛ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሌሊት የሚሠራ እጅ አለ። አንዱ የሌላው መስሎት ዝም ያለለት እጅ። እማማ አሻራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለወራት አንቀላፍቶ የነበረው መርማሪነታቸው ነቃ። ልጃቸው ይህን ፊታቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ፓውደር አምጪ። የፊት ብሩሽም። ስኮች አለ? ጥቁር የጫማ ቀለምስ?»

ሁሉም መጣ። ሦስቱም ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን የጫማ ቀለም አስነክተው ነጭ ሳህን ላይ ተጫኑ።

«አንቺስ፣ እማዬ?» አለች ሹፌሯ ጣቷን እየጠረገች።

«እኔ መርማሪ ነኝ።»

ሪሞቱ ምንም አልረዳም። የአራት ሰው ጣት ተደራርቦበት አንዱ ከሌላው አይለይም። እማማ አሻራ ወደ ጎን ገፉትና ከሳጥኑ ፊት ተንበረከኩ። ሳጥኑ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ ለአሻራ እንዲህ ያለ ገላ አይገኝም። ፊቱ ላይ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል አንድ ቀይ መጫኛ አለ።

«ሳጥኑን በእጁ የሚነካ አለ?»

«ማን ይነካዋል?» አለ ባልየው። «ሪሞት እያለ።»

ነጩን ፓውደር በብሩሹ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉበት። ቀስ በቀስ ቀዩ መጫኛ ላይና ዙሪያው ላይ መስመሮች ብቅ አሉ። የአንድ ሰው አውራ ጣት ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ ደጋግሞ፣ ሳይጣደፍ የተጫነ ጣት። ስኮቹን ለጥፈው አነሱና ብርሃን ላይ ያዙት። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ከሳህኑ ጋር አስተያዩት።

ባልየው አይደለም። ቆቅም አይደለችም። ልጃቸውም አይደለችም።

ከመስመሮቹ መሃል አንዲት ጠባሳ ሰያፍ ታልፋለች። እማማ አሻራ ይህችን ጠባሳ ያውቋታል። ለአዳዲስ ሠልጣኞች ትምህርት ሲጀምሩ ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሚለጥፉት ይህን አሻራ ነበር።

ስኮቹን አስቀመጡ። የገዛ አውራ ጣታቸውን አዩ።

«የማን ነው?» አለች ሹፌሯ።

«የኔ።»

ሦስቱም ወደ እርሳቸው ዞሩ።

«ታዲያ ምን አለበት?» አሉ እማማ አሻራ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ማታ ማታ እኮ የማጠፋው እኔ ነኝ። ቀዩን ስጫን ቀይ መብራት ይበራል። አገር ቤት ያለው ቴሌቪዥናችንም ሲጠፋ ቀይ ያበራ የለ? መብራት በከንቱ እንዳይቆጥርባችሁ ብዬ ይህን አጠፋለሁ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።»

ሹፌሯ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማዬ፣ ይሄ ማጥፊያ አይደለም። መቅጃ ነው።»

«መቅጃ?»

«ስትጫኚው መቅዳት ይጀምራል። እስኪነጋ ይቀዳል። ቦታ ሲሞላበት ደግሞ የቆየውን ራሱ እየደመሰሰ ለአዲሱ ቦታ ያደርጋል።»

«ሳይጠይቅ?»

«ይጠይቃል እንጂ! ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል፤ ሞልቻለሁ፣ የቆየውን ላጥፋ ወይ፣ እሺ ካልሽ ቀዩን ተጫኚ ብሎ። ጽሑፍ አላየሽም?»

እማማ አሻራ አዩ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ ሳጥኑን ሲጫኑ አጭር ጽሑፍ ብቅ ይል ነበር። ተመልሰው ቀዩን ሲጫኑለት ይሄዳል።

«ደህና እደሪ እያለኝ መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ደህና እደር እለው ነበር።»

ቆቅ መሳቅ ጀመረችና አቋረጠችው። እማማ አሻራ አልሳቁም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አፍረዋል፤ ከማፈራቸው በላይ ግን አዝነዋል። ባላቸው ልጃቸውን ሥራዋ ላይ የሚያዩበትን ብቸኛ መንገድ በገዛ ጣታቸው ዘግተዋል። መርማሪ አስቀድሞ የራሱን ጣት ከጥርጣሬ ያውጣ እያሉ ስንቱን ያስተማሩ ሴት፣ ሳህኑ ላይ ጣታቸውን ለመጫን ኮርተው ነበር።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹን በከንቱ ጠረጠርኳቸው» አሉ።

«ቆይ» አለ ባልየው። «እማማ፣ ሁልጊዜ የሚያዩት ፊልሙን ያሳየውን ያንኑ ጣቢያ አይደል?»

«ወደ ሌላ መቀየር መች አውቄ።»

«እሱ ጣቢያ እኮ ሊነጋጋ ሲል የቆዩትን ፊልሞች ይደግማል!»

ሹፌሯ ሪሞቱን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አደረገች። አራቱም ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የተቀዱትን ሌሊቶች አንድ በአንድ ከፈተች፣ እያፈጠነች አሳለፈች። መጥበሻ። ዝናብ። ከረባቶች። ሌላ መጥበሻ። እማማ አሻራ የልጃቸውን ክንድ አንቀው ይዘዋል። ደግሞ ዝናብ። ደግሞ ከረባቶች። 

ድንገት ቆቅ ጮኸች።

«አፌ!»

ስክሪኑ ላይ የቆቅ አፍ ወለል ብሏል። ከፊቷ ሹፌሯ መሪውን ይዛ ፈገግ ትላለች። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ባልየው እህቱን አቀፋት፣ ሹፌሯ እናቷን አቀፈች፣ ፓውደሩ ተደፋ።

«ወንጀለኛዋ ተይዛለች» አሉ እማማ አሻራ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ንብረቱም እጇ ላይ ተገኝቷል።» አሁን ነው ከልባቸው የሳቁት። ስልኩ ወዲያው ተደቀነ፣ ፊልሙም ተቀረጸ። ቆቅ አንድ ጊዜ ብቻ «እኔን ቆርጣችሁ አውጡኝ» ብላ ለመነች፤ የሰማት የለም።

ቤታቸው በደረሱ ማግስት እማማ አሻራ ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። ስልኩን ፊታቸው ላይ ያዙ።

«አላይም» አሉ አባትየው ፊታቸውን አዙረው።

«አትይ። ስማው።»

የሞተር ድምፅ ተሰማ። አባትየው ጆሯቸው ቀና አለ። አንገታቸው ቀስ እያለ ዞረ። ልጅቱ በልጅነቷ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው ስትቀመጥ ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ መስታወት፣ ከዚያ እግር። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት በግራ መስታወት አየች። በቀኝ አየች። ከዚያ አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ።

«መልሺውማ።»

እማማ አሻራ በዚያችው በተፈረደባት አውራ ጣት መለሱት። አባትየው ስልኩን ከእጃቸው ወስደው አቀረቡት። ደጋግመው አዩት። 

«ከኋላ አፏን የከፈተችው ማን ናት?»

«የባሏ እህት።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሹፌሩን ያላመነ ሰው እንዲህ አይተኛም» አሉ። ስልኩን መለሱላቸው። «በይ ደውይላትና ስጪኝ።»