የልብስ አጣቢዋ ድርሻ

«ግራዝማች የሞቱ ዕለት ማታ የት ነበርሽ?» አለች ሃኒ፣ መድረኩ መሃል ቆማ የተጠቀለለ ወረቀት በመዳፏ ላይ እየመታች።

«እዚሁ ነበርኩ፣ እመቤቴ። ሸሚዛቸውን ሳጥብ፣ ሳጥፍ» አለች ፈናን ቀና ሳትል።

የፈናን ፈተና እንኳ አልፏል። ጠዋት ለመርማሪዋ ሻምበል ድርሻ ተወዳድራ፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ጮኻ ወርዳለች። አሁን የልብስ አጣቢዋን የአስካለን ቃል የምታነበው ሌላ የሚያነብ ስለጠፋ ብቻ ነበር። አጠገቧ ወንበር ላይ የተፈታኞቹ ሹራብ ተከምሯል። እጇ ሥራ ሲፈታ አትወድምና አንዱን አንሥታ እጅጌውን ወደ ውስጥ መለሰች፤ አጠፈችው፤ በመዳፏ ደልደል አድርጋ ሌላ አነሣች።

«ጩኸት አልሰማሽም?»

«ልብስ እያጠቡ ምን ይሰማል፣ እመቤቴ? ውኃው ራሱ ይጮኻል።»

ኋላ ወንበር ላይ ቆሎ ሲቆረጥሙ የነበሩት ልጆች ማኘካቸውን አቆሙ። ሃኒ የሚቀጥለውን ጥያቄ ረስታ ወረቀቱን ዘረጋች። ፈናን ግን ሦስተኛውን ሹራብ እያጠፈች ነበር።

ተውኔቱን የጻፉት የአማርኛ መምህሩ ቲቸር ወንድምአገኝ ናቸው። ታሪኩ በጃንሆይ ዘመን፣ አሰላ ውስጥ በአንድ የእህል ነጋዴ ቤት ይጀምራል፤ ነጋዴው ግራዝማች ሞተው ይገኛሉ፤ ቤተሰቡም ቤተኛውም ይጠረጠራል። «በዚያ ዘመን ሴት ሻምበል የት ነበረች?» ብሎ የተከራከረ ልጅ ነበር። ቲቸር «ስላልነበረች ነው እኛ የምንፈጥራት» ብለው ክርክሩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ የሻምበሏን ድርሻ ያልተመኘች ልጅ በትምህርት ቤቱ አልተገኘችም።

አመሻሹ ላይ ቲቸር መድረኩ ጫፍ ቆመው ምርጫቸውን ተናገሩ። ሻምበሏ ሃኒ ሆነች። ሟቹ ግራዝማች ኢርሻድ ነው።

«ሬሳ መሆን አሪፍ ነው» አለ ኢርሻድ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «የሚጠና ቃል የለም፤ ተኝቶ ማጨብጨብ ብቻ።»

«ሬሳ አያጨበጭብም፣ አንተ» አሉት ቲቸር። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀውም «ልብስ አጣቢዋ አስካለ፣ ፈናን» አሉ።

በታደለው ጽሑፍ ውስጥ አስካለ የምትናገረው ጥቂት መስመር ነው፤ የቀረውን ጊዜ ልብስ ተሸክማ ትገባለች፣ ልብስ ተሸክማ ትወጣለች። ሃኒ ከመድረክ ዘላ ወርዳ አቀፈቻት።

«አይዞሽ፣ ፌኑ። እኔ ቲቸርን አናግርልሻለሁ፤ አንድ ሁለት መስመር ይጨምሩልሻል።»

ሃኒ ይህን ያለችው ከልቧ ነበር። ፈናንን ያሳመማትም ይኸው ከልብ መሆኑ ነው።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቲቸር ወንድምአገኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጠሯት።

«ተቀይመሻል?»

«አልተቀየምኩም፣ ቲቸር።»

«ግራዝማችን የገደለቻቸው አስካለ ናት።»

ፈናን የሚቀልዱ መስሏት ፊታቸውን አየች። አይቀልዱም።

«ለእናንተ የሰጠሁት ጽሑፍ የመጨረሻው ትዕይንት የለበትም። እዚያ የምትናገሪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሻምበሏም ሳትቀር ሁሉም ዝም ብለው ይሰሙሻል። ዛሬ ሹራብ ስታጥፊ እኔ፣ የጻፍኩት ሰውዬ፣ ይህቺ ሴትዮ እጇ የለበትም ብዬ አመንኩሽ። እንደዚያ የሚታመን ሌላ ልጅ የለኝም።»

የፈናን ደስታ ገና ወደ ፊቷ ሳይወጣ ቲቸር ጣታቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር ግን አለ። የዓምናውን ታስታውሻለሽ?»

ማን ይረሳል? ዓምና የገዳዩ ማንነት ከተዋናዮቹ አፍ አምልጦ ከተማውን አዳርሶ ነበር። መጋረጃው ገና ሲከፈት፣ ከኋላ ያለው ተመልካች «ወንድሙ ነው፣ እሱን ያዙት» እያለ ቲያትሩን ለራሱ ጨርሶት አረፈ።

«ስለዚህ ለማንም አትነግሪም» አሉ ቲቸር። «ለሃኒም፣ ለእናትሽም። አንድ ሰው ከሰማ ገዳዩን እቀይራለሁ፤ የመጨረሻው ትዕይንትም ካንቺ ይሄዳል። ይህን ካልፈለግሽ የሻምበሏ ረዳት፣ የሃምሳ አለቃው ድርሻ አለልሽ። ቆብ አለው፤ የደንብ ልብስ አለው፤ ከሃኒ ጎን አትለዪም። ነገ ጠዋት ንገሪኝ።»

ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ፈናን ግን የጋሪ ማቆሚያውን ስታልፍ ሹራቧን አውልቃ በክንዷ ይዛ ነበር። ከአዳራሽ ሙሉ ልጅ መሃል የተመረጠችው እሷ ናት። ይህንንም በመላው አሰላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ቤት ስትገባ ግን ወሬው ቀድሟታል።

«ልብስ አጣቢ?» አለች እናቷ ጠጂቱ ሳህን እያቀረበች። «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ሁሉ ልጄ ሻምበል ትሆናለች ብዬ ጨርሻለሁ። እህቴ በቀለች ከሳጉሬ ድረስ ልትመጣ ነው። ምን ልበላት?»

«ልምምዱን ከቤት ትጀምር» አለ ታላቅ ወንድሟ ገላና። «የእኔ ካልሲ ከማክሰኞ ጀምሮ አስካለን እየጠበቀ ነው።»

«ዝም በል፣ አንተ። ነገ ሄጄ አስተማሪዋን አናግረዋለሁ» አለች ጠጂቱ።

አባቷ ይስሃቅ ብቅል ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። «መቼ ነው የምትወጪው?» ሲል ጠየቃት።

«ሁለተኛው ትዕይንት ላይ።»

«ያን ዕለት የማታ ፈረቃ ነኝ። እንግዲያው አንቺን አይቼ እወጣለሁ።»

ፈናን እንጀራውን በጣቷ እንደያዘች ቀረች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ተቀምጣለች። ብትለቃት የእናቷ ፊት ይበራል፤ የገላና አፍ ይዘጋል፤ አባቷም ቲያትሩ ሳያልቅ ከወንበሩ አይነሣም። ወይም ነገ ጠዋት ሃምሳ አለቃውን ትቀበልና ቆቧን ደፍታ ትወጣለች፤ አክስት በቀለችም በሩቁ ታያታለች። መንገዱ ሁለት ነበር፣ ሁለቱም ቀላል። ሆኖም የሞላውን አዳራሽ ዝምታ፣ ሁሉም እሷን ብቻ የሚሰማበትን ሰዓት አሰበችው። ለማንም ልትሰጠው አልፈለገችም።

«እማዬ፣ አስተማሪውን አታናግሪው» አለች። «ድርሻዋን ወድጃታለሁ።»

«ልብስ ማጠቡን?»

«አዎ።»

ጠጂቱ ግንባሯን ዳሰሰቻት፤ ትኩሳት የላትም።

«አባዬ፣ አንተም ፈረቃህን ከሰው ጋር ቀይር» አለች ፈናን ቀስ ብላ። «እኔን አይተህ አትውጣ። ሃኒ ምርመራዋን የምትጨርሰው መጨረሻው ላይ ነው። ጓደኛዬ ናት። ለእሷ ስትል እስከ መጨረሻው ቁጭ በል።»

ይስሃቅ መቁረሱን ትቶ ልጁን ትክ ብሎ አያት። ለራሷ ተነፍጋ ለጓደኛዋ የምትለምን መሰለችው፤ ይህም ከሻምበልነት በላይ ሳያኮራው አልቀረም።

«የፋብሪካ ጓደኛዬን እንደሻውን እጠይቀዋለሁ፤ ይቀይረኛል» አለ።

«እኔም ለሃኒ ስል እመጣለሁ» አለ ገላና። «ከአጣቢዋ እንኳ የምጠብቀው ካልሲዬን ነው።»

ፈናን አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጉርሻዋን ጠቀለለች። ፊቷ ላይ ማንም የሚያነበው ነገር አልነበረም።